ጋሬት ሞርጋን

ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ ስትቀዱ፣ ያ ውሃ ከየት እንደ ተነሣና እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የስንት ሰው ጉልበት እንደ ፈሰሰበት አስባችሁ ታውቁ ይሆን? ጉድጓድ የሚቈፍር፣ ዋሻ የሚበሳ፣ ቧንቧ የሚዘረጋ ሠራተኛ ስሙ በመጽሐፍ አይጻፍም፤ የሥራው ፍሬ ግን በየቤቱ ይገኛል። ከዚህ ቀጥላችሁ የምታነቡት፣ ለአንድ ከተማ ንጹሕ ውሃ ለማምጣት ሲደክሙ አደጋ የደረሰባቸውን ሠራተኞች ለማዳን ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው ጋሬት ሞርጋን ይባላል። ታሪኩን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፤ ጀግንነት በአንድ ሌሊት በድንገት የሚገኝ ነውን? ወይስ ሰው ሳያውቀው ለብዙ ዓመት ሲዘጋጅበት የሚኖር ነው?

ጋሬት ሞርጋን እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1877 በአሜሪካ፣ በኬንተኪ ግዛት፣ ፓሪስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ስሟ ከፈረንሳይ ዋና ከተማ ጋር አንድ ቢሆንም ቦታዋ የገበሬዎች አገር ነበረች። ወላጆቹ በባርነት ቀንበር ሥር ኖረው ነጻ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። እርሱም ከዐሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። ባርነት በመላው አሜሪካ በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ነበረ፣ ሞርጋን ሲወለድ ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ዐሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሕጉ ይለወጥ እንጂ ሰውን በቆዳው ቀለም የመናቅ ልማድ አልተለወጠም ነበር። ይህ ልማድ በሞርጋን ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣ ታያላችሁ።

ሞርጋን በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋር በእርሻ ሥራ እየረዳ ጥቂት ዓመታት ብቻ ተማረ። ዕድሜው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን ሥራ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ በጎረቤት ግዛት በኦሃዮ ወደምትገኘው ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሄደ። በዚያም በአንድ ባለ ጸጋ ሰው ቤት የተገኘውን ሁሉ እየሠራ ይኖር ጀመር። ከሚያገኘው ትንሽ ደመወዝ ላይ እየቀነሰ ለግል አስተማሪ ይከፍል ነበር። ልብ በሉ፤ ያቋረጠውን ትምህርት የቀጠለው ማንም ሳያስገድደው፣ በራሱ ላብ ባገኘው ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሞርጋን በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ክሊቭላንድ ከተማ ተሻገረ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎች የበዙባትና በፍጥነት የምታድግ ነበረች። እርሱም በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ውሎ አድሮም የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። የተበላሸ መኪና በቀረበለት ጊዜ ብልሽቱን ማደስ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ ለምን እንደ ተበላሸ ይመረምራል፤ ዳግመኛ እንዳይበላሽም የሚሻለውን ይፈልጋል። እንዲህ እየመረመረ ለስፌት መኪና የሚሆን የቀበቶ ማያያዣ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1907 የራሱን የስፌት መኪና መጠገኛና መሸጫ ሱቅ ከፈተ። በ1908 ሜሪ ሐሴክ የምትባል፣ ከአውሮፓ የመጣች ልብስ ሰፊ አግብቶ በ1909 ባልና ሚስቱ የልብስ ስፌት ድርጅት አቋቋሙ። ትንሽ ቆይቶም ለጠጉር የሚሆን ቅባት እያዘጋጀ የሚሸጥ ድርጅት መሠረተ። በእነዚህ ሥራዎች ያገኘው ገቢ ሌላውን ምርምሩን ለመቀጠል ረዳው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች የእሳት አደጋ የብዙ ሠራተኛ ሕይወት ያጠፋ ነበር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሰዎች አልቀዋል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ወጣት ሴቶች ነበሩ። በቃጠሎ ጊዜ ሰውን የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ጭሱና መርዘኛው ጋዝ ነበልባሉን ቀድመው ይገድላሉ። እሳት ለማጥፋትና ሰው ለማውጣት የሚገቡትም ተከላካዮች በጭሱ ታፍነው ይወድቁ ነበር። ሞርጋን ያሰበው ይህን ችግር ነበር፤ ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ሰው አድኖ፣ በደኅና ለመውጣት የሚያስችል መሣሪያ መሥራት ፈለገ።

የደረሰበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በሚቃጠል ቤት ውስጥ ለመተንፈስ የሚሻለው አየር ከወለሉ አጠገብ ያለው ነው። ጭስ በሞላበት ወጥ ቤት ውስጥ ዝቅ ብላችሁ ስትቀመጡ ዓይናችሁ የማይቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞርጋን ከወፍራም ሸራ ራስን በሙሉ የሚሸፍን፣ ለዓይን መስተዋት ያለው ጭንብል ሠራ። ከጭንብሉ ወደ ታች እስከ ወለሉ አጠገብ የሚወርድ ረጅም ቱቦ አበጀለት። በቱቦው ጫፍ ላይ በውሃ የራሰ ስፖንጅ አደረገ፤ ስፖንጁ ጭሱን እያጣራ አየሩን ያቀዘቅዛል። የሚወጣው ትንፋሽ ደግሞ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ አደረገ። በእርግጥ ይህ መሣሪያ ራሱ አየር አይሠራም፤ ከታች የሚተነፈስ አየር በሌለበት ስፍራ ሊረዳ አይችልም። ዛሬ የእሳት አደጋ ተከላካዮች የታመቀ አየር የያዘ ጠርሙስ በጀርባቸው ተሸክመው ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ግን ቀላል፣ ርካሽና ማንም ሰው በፍጥነት አጥልቆ ሊገባበት የሚችል መሣሪያ ነበር። ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1912 አመልክቶ በ1914 የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለበት።

መሣሪያውን ለመሸጥ በተነሣ ጊዜ ግን ያ የድሮው ልማድ መንገዱ ላይ ቆመ። በተለይም በደቡብ ግዛቶች፣ የፈጠረው ሰው ጥቁር መሆኑ ከታወቀ የሚገዛው አልነበረም። ሞርጋን ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። አንድ ነጭ ሰው ባለቤት መስሎ ንግግር እንዲያደርግ አቆመ። እርሱ ራሱ ደግሞ የቀይ ሕንዶችን ልብስ ለብሶና ስሙን ለውጦ እንደ ረዳት ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1914 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በድንኳን ውስጥ መጥፎ ጭስ እንዲነሣ ተደርጎ፣ ሞርጋን ጭንብሉን አጥልቆ ገባ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶም አንዳች ሳይሆን ወጣ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ መሣሪያው ተሸጠ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በተደረገ የደኅንነትና የጤና አጠባበቅ ኤግዚቢሽን ሽልማት አገኘ። ነገር ግን አንድ ሰው የገዛ እጁ ሥራ ተመስግኖ ሳለ፣ የእኔ ነው ብሎ ለመናገር ሳይችል ሲቀር ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ ታሪኩ ፍሬ ነገር ደርሰናል። የክሊቭላንድ ሕዝብ የሚጠጣው ከኢሪ ሐይቅ የሚቀዳ ውሃ ነበር። ከተማይቱ ስታድግ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣው ቈሻሻ በዳርቻው ያለውን ውሃ በከለው። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ከዳርቻው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሐይቁ መካከል የውሃ መሳቢያ ጣቢያ መሥራት አስፈለገ። ከጣቢያውም እስከ ከተማይቱ ድረስ ከሐይቁ ወለል በታች ዋሻ ይቈፈር ነበር። ሠራተኞቹ በጀልባ ወደ ጣቢያው ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በጉድጓድ ወርደው በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ይቈፍራሉ። በላያቸው መሬቱ አለ፤ በመሬቱ ላይ ደግሞ ሐይቁ አለ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1916 ሌሊት ሠራተኞቹ ሲቈፍሩ በመሬት ውስጥ ታምቆ የኖረ የተፈጥሮ ጋዝ አገኙ። ጋዙም ፈነዳ። ዋሻው በአንድ ጊዜ በጭስ፣ በአቧራና በመርዘኛ ጋዝ ተሞላ፤ በውስጡ የነበሩት ሁሉ በዚያው ቀሩ። የፍንዳታው ወሬ ላይ እንደ ደረሰ ባልንጀሮቻቸው ዝም ብለው አልተመለከቱም። አንድ የነፍስ አድን ቡድን ወረደ፤ አልተመለሰም። እነዚያን ለማውጣት ሁለተኛ ቡድን ወረደ፤ ከእርሱም ብዙዎቹ ወደቁ። ድፍረት አልጐደላቸውም፤ የጐደላቸው ከጋዙ የሚከላከል መሣሪያ ነበር። እንግዲህ የሞቱትን ለማውጣት የሚገባ ሁሉ ከሞቱት ጋር የሚቈጠር ሆነ፤ በላይ የቆሙትም ግራ ተጋቡ።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ የሞርጋንን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ተገኘና እንዲጠራ አሳሰበ። መልእክቱ የደረሰው ሊነጋ ሲል፣ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ነበር። የሌሊት ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ እንደ ተነሣ ይነገራል። ወንድሙን ፍራንክን ቀሰቀሰ፤ በቤቱ የነበሩትን ጭንብሎች ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ገሠገሠ።

ጣቢያው ላይ ሲደርስ የቆሙት ሰዎች በጥርጣሬ ተመለከቱት። ሁለት ቡድን የዋጠውን ዋሻ በአንድ የሸራ ጭንብል ማሸነፍ ይቻላል ብሎ ማን ይመን? ጥቂት ሰዎች ብቻ አብረውት ለመግባት ፈቀዱ። ሞርጋን ግን ሌላውን አስቀድሞ ለመላክ አልሞከረም። መሣሪያውን የሠራው እርሱ ስለ ነበረ፣ የገዛ ትንፋሹን አስይዞ ከፊት ወረደ። ወንድሙም ተከተለው።

በዚያች ደቂቃ ልቡ ምን ያህል እንደ መታ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ በፊቱ የነበረውን ግን ማሰብ ትችላላችሁ። ጨለማ ነው፤ የእጅ መዳፍ አይታይም። ፍንዳታው አንድ ጊዜ እንደ ሆነ ሁሉ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። በድንኳን ውስጥ በተደረገው ትርኢት ጊዜ ጥቂት ርምጃ ቢራመድ ንጹሕ አየር ያገኝ ነበር፤ እዚህ ግን መውጫው ሩቅ ነው። ከመሞት መሰንበት የሚለው አባባል በሁላችንም አፍ አለ፤ ያን ሌሊት እርሱም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን በዳሰሳ እየሄደ ከወደቁት ሰዎች ዘንድ ደረሰ። አንዱን ተሸክመው አወጡት። ሕይወት ነበረችው። በላይ የቆሙት ይህን ባዩ ጊዜ ጥርጣሬያቸው ተወገደ፤ ሌሎችም ጭንብል አጥልቀው ተከተሉ።

ሞርጋን አንድ ጊዜ ገብቶ በመውጣቱ አልበቃውም፤ ደጋግሞ ተመለሰ። በእርሱና በባልንጀሮቹ ጥረት ቢያንስ ሁለት ሰዎች በሕይወት ወጡ። ከእነርሱም አንዱ ሠራተኞቹን ለማዳን ገብቶ የቀረው የቍፋሮው ሥራ ኃላፊ ነበር። የብዙዎቹም ሬሳ ወጥቶ ለየቤተ ሰባቸው ተሰጠ። በዚያ አደጋ የሞቱት ሠራተኞችና ነፍስ አድኖች ወደ ሃያ ይጠጋሉ። ምናልባት ከእናንተ መካከል ሁለት ሰው ምን ያህል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ከዋሻው አፍ ቆማ ባሏን ከምትጠብቅ ሚስት፣ አባቱን ከሚጠብቅ ልጅ ጠይቁ።

በማግስቱ ጋዜጦች ስለ አደጋውና ስለ ነፍስ አድኖቹ ብዙ ጻፉ። ነገር ግን ምስጋናው ለሌሎች ተሰጠ፤ የሞርጋን ስም ተዘለለ፤ ወይም በጥቂት ቃል ታለፈ። በአሜሪካ ለጀግንነት ሥራ ሜዳልያ የሚሰጥ የካርኔጊ የጀግኖች ድርጅት የሚባል አለ፤ እርሱም በዚህ አደጋ ለሌሎች ሲሸልም ሞርጋንን ሳይሸልመው ቀረ። በዚህ ብቻ አላበቃም። ወሬው ሲሰማ የመሣሪያው ፈጣሪ ጥቁር መሆኑ ታወቀና ትእዛዛቸውን የሰረዙ ገዢዎች ተገኙ። ሰው ያዳነው እጅ ቀለሙ ስለ ታየ ብቻ ሥራው ተጠላ።

ሞርጋን ይህን በዝምታ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1917 ለከተማይቱ ከንቲባ ደብዳቤ ጽፎ በደሉን አመለከተ። ብዙ እንዳልተማረ፣ ከመከራና ከግፍ ግን በቂ ትምህርት እንዳገኘ ገልጾ፣ ለሠራው ሥራ የሚገባው ዕውቅና እንዳልተሰጠው በግልጽ አስረዳ። ከንቲባው የከለከለውን ግን የከተማይቱ አንዳንድ ነዋሪዎች አልከለከሉትም። ገንዘብ አዋጥተው አልማዝ ያለበት የወርቅ ሜዳልያ ሸለሙት። ከመንግሥት መዝገብ የጠፋው ስም በጎረቤቶቹ ልብ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በኋላም ሞርጋን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1920 የጥቁሮች ድምፅ የሚሰማበት ክሊቭላንድ ኮል የተባለ ጋዜጣ በመመሥረት ተሳተፈ። በዚያ ጊዜ በከተማይቱ መንገዶች ፈረስ፣ ጋሪ፣ ብስክሌትና አውቶሞቢል ተቀላቅለው ይሄዱ ስለ ነበር ግጭት በዝቶ ነበር። ሞርጋን ይህንም ችግር አይቶ በእጅ የሚዞር የትራፊክ ምልክት መሣሪያ ፈጠረ፤ የባለቤትነቱንም ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1923 ተቀበለ። ሂድና ቁም ከሚሉት ምልክቶች ሌላ፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን ለጥቂት ጊዜ የሚያስቆም ሦስተኛ ምልክት ነበረው። በዚህም መስቀለኛው መንገድ ባዶ እስኪሆን ጊዜ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ለከተማው ምክር ቤት አባልነት ተወዳደረ፤ ነገር ግን አልተመረጠም። በ1943 ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ይዞት ብርሃኑን ለማጣት ተቃረበ። የሰዎችን ዓይንና ሳንባ ከጭስ ለማዳን የደከመው ሰው የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት በጨለማ አጠገብ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1963 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ በክሊቭላንድ ከተማ ዐረፈ።

ከሞተ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የክሊቭላንድ ከተማ ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎቿ አንዱን በስሙ ሰየመች። ሽልማቱ ዘግይቶ ቢመጣም ወደ ትክክለኛው ቦታ መጣ፤ ስሙ ከውሃው ጋር ተጻፈ።

እንግዲህ በመጀመሪያ በልባችሁ ወዳስያዝናችሁ ጥያቄ ተመለሱ። ሞርጋን የወረደው በአንዲት ሌሊት ነው፤ ለዚያች ሌሊት የተዘጋጀው ግን ዓመታት ወስዶ ነው። ከትንሽ ደመወዙ ላይ ለአስተማሪ ሲከፍል፣ የተሰበረ መኪና ፈትቶ ሲመረምር፣ ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ሲያስተውል፣ በድንኳን ውስጥ የገዛ ትንፋሹን ሲፈትን ለዚያች ሌሊት ይዘጋጅ ነበር። ከእርሱ በፊት የገቡትም ጀግኖች ነበሩ፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ድፍረት ያለ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ሟቾችን ይጨምራል፤ ዕውቀትም ያለ ድፍረት በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጭንብል ነው። ሞርጋን ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ስለ ተገኘ፣ ሊሞቱ የነበሩ ሰዎች ጠዋት ፀሐይ ለማየት በቁ። ዛሬ በክፍላችሁ፣ በቤተ ሙከራችሁ፣ በቤታችሁ የምታደርጉት ትንሽ ትጋት ለማን ሕይወት እንደሚደርስ አታውቁም፤ እርሱም አላወቀም ነበር።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ሞርጋን ያቋረጠውን ትምህርት የቀጠለው እንዴት ነው?
2. የጭንብሉ ቱቦ ወደ ወለሉ እንዲወርድ የተደረገው ለምንድን ነው?
3. ቀድመው የገቡት ሁለት ቡድኖች ያልተሳካላቸው ምን ስለ ጐደላቸው ነው?
4. ሞርጋን በኒው ኦርሊንስ ስሙን ለምን ለወጠ? እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
5. የሞርጋን ስም ለውሃ ማጣሪያ ጣቢያ መሰጠቱ ለምን ተገቢ ሆነ?

ለ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
ቀንበር፣ ታመቀ፣ ገሠገሠ፣ ጭንብል፣ ግራ ተጋባ፣ እጁን አጣጠፈ

ሐ. በአካባቢያችሁ በሥራ ላይ ሳለ ሌላውን ከአደጋ ያዳነ ሰው ፈልጉ። ራሱን ወይም የሚያውቁትን ጠይቃችሁ የሕይወት ታሪኩን በአራት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ትውልዱንና ዕድገቱን፣ በሁለተኛው ሥራውን፣ በሦስተኛው አደጋውንና ያደረገውን፣ በአራተኛው ከእርሱ ያገኛችሁትን ትምህርት ግለጹ። ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ፤ የሚገባውንም ስም አትዝለሉ።